ሥራ ላይ ናት

፳፻፲፩ ዓ.ም.፣ ወርኃ ጽጌ። ክረምቱ ወጥቶ ጣና ገና እንደ ሞላ ነበር።

ልጄ ቀልደኛ ናት። ብቻዋን መድረክ ላይ ማይክ ይዛ ትቆማለች፤ ሰው ከፍሎ ገብቶ ይስቃል። «ስታንዳፕ ኮሜዲ» ይሉታል። አዲስ አበባ ላይ አዳራሽ ትሞላለች ሲሉኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እል ነበር፤ ሥራ ነው ብየ ግን አላውቅም። ለእኔ ሥራ ማለት ሃያ ስድስት ዓመት የቆምሁበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ክር ይበጠሳል፣ ትቋጥሪያለሽ፣ ትቀጥያለሽ።

በዚያ ወር በተወለደችበት ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትቀርብ መጣች። ሁለት ቅዳሜ ተይዞላት ነበር፤ አንዱ በአንድ ሆቴል ትንሽ አዳራሽ፣ ሌላው በሳምንቱ በትልቁ አዳራሽ። ወደ መጀመሪያው አልሄድሁም። ጾም ነው ብየ ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«እንዴት ሆነ?» አልኋት።

«አልሳቁም፣ እማዬ።»

«ምንም?»

«አንዴ ስቀዋል። አንዱ ተነስቶ 'የአዲስ አበባዋ፣ መኪና እንዳያመልጥሽ!' ሲለኝ።»

አላለቀሰችም። ደብተሯን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «የራሴን አገር ሰው ማሳቅ ካልቻልኩ፣ ሌላው በምን እንደሳቀልኝም አላውቅም ማለት ነው» አለች። «ሰባት ቀን አለኝ።»

በማግሥቱ ለቅዳሴ ስወጣ አልጋዋ ባዶ ነበር። ስመለስ ሐይቁ ዳር አየኋት። ታንኳ ከሚሠራበት ቄጠማ፣ ከደንገሉ አጠገብ ወዲያና ወዲህ ትላለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትቆማለች፣ ጽፋ እንደገና ትጀምራለች። ሰኞም እንደዚያው። ማክሰኞም እንደዚያው።

ረቡዕ ጎረቤቴ መጣች። የጽዋ ማኅበራችን አባል ናት። ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ይዛለች።

«እትየ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልንገርዎት።»

«ተናገሪ።»

«ልጅዎት ሐይቁ ዳር ብቻዋን ታወራለች። ያንኑ ነገር ትደጋግማለች። ዝም ትልና ደግሞ ትስቃለች። መረብ የሚጠግኑት ሐጂ እንኳ አዝነው 'ዱዓ አደርግላታለሁ' አሉኝ። እኔም ጠበል ቀድቼላታለሁ። ሳይብስባት…»

«ሥራ ላይ ናት» አልኋት።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ እኔኑ ገረመኝ።

«የምን ሥራ?»

«ሥራ።»

ጀሪካኑን ግን ተቀበልሁ። ጠበል አይመለስም።

እሷ ከሄደች በኋላ አባቴን አሰብሁ። የቅኔ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ቀን ቀን ቅኔ ሊቆጥሩ፣ በቃላቸው ሊደርሱ እየወጡ በየዛፉ ሥር ብቻቸውን ያጉተመትማሉ። እኛ አገር ይህን ያየ ሰው አይደነግጥም፤ «ቅኔ እየቆጠረ ነው፣ አትጥሩት» ብሎ ያልፋል። ማታ የቆጠሩትን ለአባቴ ይነግራሉ። አባቴ «ይህ ቃል የአንተ አይደለም» ካሉ ተማሪው ሳያኮርፍ በማግሥቱ ይወጣል። ልጄ አያቷን አልደረሰችባቸውም። የእሳቸው ተማሪ ግን ሆናለች።

ነጠላየን አጣፍቼ ወረድሁ። ከደንገሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና «ንገሪኝ» አልኋት።

አፈረች። ከዚያ ጀመረች።

«እናቴ ጋ እደውላለሁ። 'ደህና ነሽ እማዬ?' 'እግዚአብሔር ይመስገን።' 'ጣራው ያፈሳል ብለሽ ነበር፣ ተሠራ?' 'እግዚአብሔር ይመስገን።' 'ዛሬ የት ዋልሽ?' 'ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።' ስልኩ ተዘጋ። ጣራው ያፍስስ አያፍስስ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

አልሳቅሁም።

«ስሙን መቀለጃ አታድርጊ» አልኋት።

«በስሙ አይደለም የምቀልደው፣ እማዬ። በአንቺ ነው።»

«እሱስ ይሁን። ይህች ሴትዮ ግን እኔ አይደለሁም።»

«እንዴት?»

«እኔ 'ሄድኩ' ብየ አላውቅም። 'ሄድሁ' ነው የምል።»

እርሳሷን ይዛ ቀረች። አዲስ አበባ የቆየችው ስድስት ዓመት ነው፤ የራሷ አንደበት መለወጡን ታውቃለች። የእኔንም አብራ እንደለወጠችው አላወቀችም። ባለፈው ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እናት አለው፤ የእናቱን ድምፅ ሲጠብቅ የሌላ አገር ሴት ሰምቷል። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ገልጣ አንድ በአንድ ታርመው ጀመር።

ሐሙስ ከከተማው ግሽ አባይ ሰፈር እስከ ዘንዘልማ በሚኒባስ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። የምትሄድበት ጉዳይ አልነበራትም፤ ሰው ሲያወራ ለመስማት ነው። ዓርብ ያችኑ የስልክ ቀልድ ይዛ ሐይቁ ዳር ዋለች። እኔ መቁጠሪያየን ይዤ ድንጋዩ ላይ ነበርሁ። ቀልዷን አንዴ ባለች ቁጥር አንድ ፍሬ አሳለፍሁ። አርባ አንዱ ሞላ። እሷ አልጨረሰችም።

ቅዳሜ ሄድሁ። ከኋላ፣ ከጎረቤቴ ጋር ተቀመጥሁ። ስልኩ ጋ ደረሰች። «ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ስትል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፊት ለፊቴ ያለው ጎልማሳ የጓደኛውን ጉልበት እየመታ «እናቴ! እናቴ ናት!» ይላል። እሷ አልቸኮለችም። ሳቁ እስኪወርድ ጠበቀች።

«ሰሞኑን ሐይቁ ዳር ብቻየን ሳወራ ያዩኝ ሰዎች አሉ» አለች። «ጎረቤታችን ጠበል ቀዳችልኝ። ሐጂ ዱዓ አደረጉልኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ቪዲዮ ነበር የሚቀርፁኝ።»

ጎረቤቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «እትየ፣ እኔን እኮ ነው!»

«ዝም በይ» አልኋት። «ሥራ ላይ ናት።»

ወደ መጨረሻው አንድ ቀልድ ነበረች፤ ስለ ባጃጅ። በዚያች ቀልድ ሰው ፈገግ አለ እንጂ አልሳቀም። ልጄ ለአንድ አፍታ ዓይኗን ወደ ታች አድርጋ አለፈችው። ሌላ ሰው አላየም። እኔ ግን አየሁ። ሲያበቃ ሰው ቆሞ አጨበጨበላት፤ ፈጣሪየን አመሰገንሁ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ለቅዳሴ ስነሳ አልጋዋ ባዶ ነው። አስቀድሼ፣ ጠበሌን ጠጥቼ፣ በሐይቁ በኩል ተመለስሁ። ሐጂ መረባቸውን ዘርግተው ይጠግናሉ።

«ዛሬም?» አሉኝ በአገጫቸው ወደ ደንገሉ እያመለከቱ።

«ዛሬም» አልኋቸው።

ድንጋዩን በነጠላየ ጫፍ ጠረግሁና ተቀመጥሁ።

«የባጃጇን ንገሪኝ» አልኋት።