የዘነበወርቅ ሃርፕሲኮርድና የእኛ ሽምግልና

ሽምግልና ሲባል ዛሬም ያንገሸግሸኛል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ራሴን መጸየፌ ነው።

ዘነበወርቅ የእህቴ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ኦርጋን ተምራ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ቤት የገባችው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1978 ነው። ኮሌጅ ገብታ ሃርፕሲኮርድ የሚባል የጥንት መሣሪያ ወደደች፤ ፒያኖ ይመስላል፣ ግን ክሮቹን በመዶሻ በመምታት ፈንታ በላባ ይቆነጥራል። የእኛ ሰዎች "ፒያኖው ተበላሸ እንዴ?" እያሉ ሲስቁባት እኔም አብሬ ስቄያለሁ። እሷ ግን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እየሠራች፣ ከሥራ መልስ ከእኛ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ለሚገኝ አንድ የሙዚቃ ቡድን መሣሪያውን ስትቃኝ ስድስት ዓመት ቆየች። ኮንሰርቱን የሚጫወተው ሌላ ሰው ነበር። በ1986 ያ ሰው ሲለቅ ዳይሬክተሩ ቦታውን ሊሰጣት ቃል ገባ።

በዚያው ክረምት መሣሪያው ተሰንጥቆ ተገኘ። አንድ ሰው ማሞቂያውን ለኩሶ ሁለት ቀን ረስቶት እንጨቱ ደርቆ ኖሯል። ዘነበወርቅ በዚያ ሳምንት ደጁንም አልረገጠችም። ዳይሬክተሩ ሁሉንም ሲጠይቅ "እኔ አይደለሁም" አለችው፤ "አጣራለሁ" አላት። ይህንን እያለቀሰች ነገረችኝ።

ሳላማክራት የሽምግልና ባልደረቦቼን አቶ ወልደአምላክንና አቶ አያሌውን ይዤ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ወንበር ሲሰጡን እምቢ ብለን ቆምን፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም አይቀመጥማ! እንግሊዝኛ የምችለው እኔ ስለነበርኩ ተናገርኩ፦ "ልጃችን አጥፍታለች። ስለ እኛ ሲሉ ይቅር ይበሏት።"

እኛ ዘንድ ይህን የሰማ ሰው አፍሮ "ኧረ ምንም አላጠፋችም" ይላል። እሱን ጠበቅን። ሰውየው ግን "ማሞቂያውን የተወችው እሷ ናት ማለት ነው?" አለኝ። አቶ ወልደአምላክ አንገቱን ይበልጥ ደፋ። እኔም "ያደረገችውን ሁሉ ይቅር ይበሏት" አልኩ። ዳይሬክተሩ ስለ ሐቀኝነታችን አመስግኖ ጨበጠን። መኪና ውስጥ እርስ በርስ እየተሞጋገስን ተመለስን። ሲያስጠላ!

በማግስቱ ዘነበወርቅ ካፖርቷን እንደለበሰች በሬ ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ ከሥራዬ ፋየር አደረጉኝ። እርስዎ ያላጠፋሁትን ኮንፈስ አድርገውልኝ!"

"እኔ እኮ ይቅርታ ነው የጠየቅኩልሽ።"

"ለምኑ? ይሂዱና እውነቱን ይንገሩት። እኔ ነኝ የምነዳው፣ አሁኑኑ እንሂድ።"

ነገ አልኳት። ነገ ሲሆን ሁለቱን ባልደረቦቼን አማከርኩ። "ይቅርታ ጠይቀን መልሰን ውሸት ነበር እንበል? ሰው ምን ይለናል?" አሉ። እኔም ልክ ናቸው አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ለሥራ የጻፈችላቸው ቡድኖች ሁሉ ያንን ዳይሬክተር እየጠየቁ መለሷት። አሁን ሮክቪል ውስጥ ልጆችን በኤሌክትሪክ ኪቦርድ ታስተምራለች፤ ስንገናኝ ተነስታ እጅ ትነሳኛለች።

አሌክሳንድሪያ ከቤቴ በመኪና አርባ ደቂቃ ነው። ዳይሬክተሩም እዚያው አለ። እስከ ዛሬ አልሄድኩም።