ከዋንጫ እስከ ቀለም ቀንድ

አንኮበር ገበያ ላይ እንዲህ ተባለ፦ ቁም ጸሐፊው ዘርአ ዳዊት ጠበል ሲጠመቅ ከአፉ ጭላዳ ዝንጀሮ ዘሎ ወጣ፤ በአንድ ጀንበርም መጠጥ ተወ። ጭላዳው ግን ጥሙ አልቆረጥ ብሎት በደብረ ሲና ቁልቁለት ጠላ የተጠመቀበት ቤት ሲያፈላልግ ታይቷል።

ወሬው ቢጥምም አይዋጥም። ያን ሁሉ አረቄ የያዘ ሆድ ለጭላዳ ቦታ ከየት ያመጣል?

እውነቱን ሚስቱ ወለተ ሥላሴ ታውቀዋለች። ባሏ በመንገድ ሲያልፍ ንቦች ይሰክሩ ነበር፤ ደግነቱ ግን አይጣል ነው፣ ሰክሮ እንኳ ለበሬ መንገድ ይለቃል። ጉዱ እጁ ላይ ነበር። የደብሩ አለቃ፣ «እስከ ትንሣኤ እጅህ ካልረጋ የጀመርከውን የዳዊት ብራና ሌላ ጸሐፊ ይጨርሰዋል» አሉት። ዘርአ ዳዊት የዚያኑ ዕለት ምሎ ተወ። በሦስተኛው ቀን ላብ አጠመቀው፣ እንደ ወንፊት ተንቀጠቀጠ፣ አይጦች ግድግዳው ላይ ተሰልፈው ሲያሸበሽቡ አየ። ወለተ ሥላሴ ነፍሱ የምትወጣ መሰላትና ጮኸች።

ጎረቤቷ ዙቤዳ፣ አህያ ነጂዋ፣ ጩኸቷን ሰምታ ገባች።

«እኔ ወደ አልዩ አምባ ስወርድ አህያዬን በሩጫ አልነዳትም፤ ትሰበራለች። እናንተም ከመጠጡ ቀስ እያላችሁ አውርዱት እንጂ!»

ወለተ ሥላሴ ረጅሙን የቀንድ ዋንጫ አነሣች። አረቄ እየሞላች ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ትሰጠዋለች፤ በየሦስት ቀኑ ግን ከዋንጫው አፍ አንድ ጣት ያህል በመጋዝ ትቆርጣለች። አረቄው ያለበትን የጓዳውን ቁልፍ ማን ይያዝ? ሰፈሩ ሁሉ ቀማሽ ነው።

«ወላሂ፣ እኔ ዘንድ ጠብታ አይጎድልም» አለች ዙቤዳ፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራ።

«እቴ ዙቤዳ፣ ዋንጫው አጠረ እኮ!» ይላታል ዘርአ ዳዊት።

«ዋንጫውማ ያው ነው ጋሼ፤ እርስዎ ነዎት የረዘሙት።»

ወለተ ሥላሴን ግን አያስቃትም። ሁልጊዜ ጣቶቹን ይዛ መንቀጥቀጡን ታዳምጣለች። በአርባኛው ቀን ይዛ ጠበቀች፤ ምንም የለም። ከዋንጫው የቀረው ጫፉ ብቻ ነበር። ቀለም ሞላችበትና መሬቱ ላይ ተከለችለት።

የትንሣኤ ሰሞን አለቃው መጥተው ብራናውን አዩ፤ መስመሩ እንደ ክር ቀጥ ብሏል። ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ፣

«ለመሆኑ... ጭላዳው ትልቅ ነበር?»

ዘርአ ዳዊት ብዕሩን ቀንዱ ውስጥ ነከረ።

«ጭላዳም አልወጣ፣ ጠበልም አልሄድኩ፣ በአንድ ጀንበርም አልተውኩ። አባቴ፣ ሐሰት ነው፤ አርባ ቀን ሙሉ እየጠጣሁ ነው የተውኩት።»