ቁልፉ ሳይነቀል ብድግ አይባልም

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ልባረር ትንሽ ነው የቀረኝ። ጥፋቴ ደግሞ ደግነት ነበር።

የቀጠረኝ ኤጀንሲ አሜሪካን አገር ፍራንክሊንተን የሚባል ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ የአዛውንቶች አፓርትመንት ላከኝ። ባጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሄድኩ። እንግሊዝኛዬ ሠላሳ ቃል ቢሆን ነው፣ ግማሹ የአትክልት ስም። የምረዳት ክላየንቴ ሚስ ሎሬታ ትባላለች። ስደርስ በእጇ በምትገፋው ዊልቼር የበሩን ዳገት እየወጣች ነበር። ክንዷ ሲንቀጠቀጥ ሳይ አንጀቴ አልቻለም። ከኋላ ሮጬ እጀታውን ያዝኩና ገፋሁላት።

ፍሬኑን ቀጭ አደረገችው። ሆዴ እጀታው ላይ ተሰካ። ዞራ የሆነ ነገር ተናገረች፣ ከአትክልቶቹ ውስጥ አልነበረም። እንዳልገባኝ ስታይ በጣቷ ፊቷ እንድቆም አዘዘችኝ። ቆምኩላት። በዊልቼሯ የእግር ማሳረፊያ ባቴን እየገፋች እስከ በሩ ድረስ ነዳችኝ። በግ እንደሚነዳ። ሳይጠየቁ መገፋት ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ማታ ሱፐርቫይዘሬ ትዕግሥት ኮል አደረገችኝ። "እማማ አስካለ፣ ክላየንቷ ደውላ ነበር" አለችኝ።

"አባረረችኝ?"

"ነገም ትምጣ ብላለች። ግን እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ።"

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሆም ኬር፣ ሰው ቤቱ ሄዶ መርዳት፣ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አሁንም እኔ እያወራሁ የልጅ ልጄ ናት በስልኳ የምትጽፈው። ስሳደብ ትዘላለች መሰለኝ። እናንተ አዲስ የገባችሁ ልጆች ሰርተፍኬት አላችሁ፣ ደስ ይበላችሁ። እኔን ያስተማረችኝ ሚስ ሎሬታ ናት፣ ባቴን እየገጨች።

ሳይድዎክ፣ የመንገድ ዳር የእግረኛ መሄጃው፣ ለእኔ እግሬን የማሳርፍበት ነገር ነበር። ለእሷ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ስም አለው። የዛፍ ሥር ያነሳው ሲሚንቶ አለ፣ የፊቱን ትንሽ ጎማ ይይዛል። የመኪና መግቢያው ያዘነብላል፣ ዊልቼሩን ወደ አስፋልቱ ይጎትተዋል። ቆሻሻ በሚነሳበት ቀን የቆሻሻ በርሜሉ፣ ቢኑ፣ መሀል ላይ ይቆማል። ወጣቶቹ ተከራይተው የሚነዷት የቁም ስኩተር ደግሞ እንደ ሰከረ ሰው መንገዱ ላይ ተጋድማ ታድራለች። ሥራዬ ቀድሞ ማየት ነው። ቢኑን አነሳለሁ፣ የተጋደመችውን አቆማለሁ፣ ወንበሩን ግን ሳልጠይቅ አልነካም።

ማን ለማን እንደሚያሳልፍም እሷ ናት የነገረችኝ። በእጁ የሚገፋ ይቅደም፣ ዳገት ላይ ካቆምሽው እንደገና መነሳት ክንድ ይጨርሳል። ሞተር ያለው ይጠብቅ፣ ሞተር አይደክመውም። እግረኛ ሣሩ ላይ ይውጣ። "ለምን እግረኛው?" ስላት፣ "ሣር ላይ መውጣት የሚችለው እግር ብቻ ነዋ" አለችኝ።

እንዲህ ሆነን ስንኖር ጋሼ ይማም እዚያው አፓርትመንት ገቡ። የወሎ ሰው ናቸው፣ ትልቅ፣ ግርማ ያላቸው፣ ጉልበታቸው ግን አልታዘዝ ያለ። ጠዋት ሚስ ሎሬታ ጋ፣ ከዚያ እሳቸው ጋ ተመደብኩ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ኢንሹራንሱ ስኩተር ሰጣቸው። የአዛውንት ስኩተር ነው፣ ወንበር ያለው፣ ባለ አራት ጎማ። መሪው ላይ አውራ ጣት የምትጫናት ምላስ የምታህል ነገር አለች። ሲጫኗት ይሄዳል፣ ሲለቋት ይቆማል። ፍጥነቱን የምትቀይረው ክብ ነገር ላይ በአንድ በኩል ኤሊ፣ በሌላው በኩል ጥንቸል ተስሎባታል። አሜሪካን አገር ላልተማረ ሰው የታሰበበት ዕቃ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ስኩተሩ ለሽርሽር አልነበረም። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ ነርሲንግ ሆም፣ የሕሙማን መጦሪያው ውስጥ ተኝተዋል። ከታመሙ ወዲህ ከሌላ ሰው እጅ አይበሉም። ነርሷ ማንኪያ ስታመጣ አፋቸውን ይገጥማሉ። ጋሼ ይማም ሲመጡ ይከፍታሉ። እኔ የምመጣው ሦስት ቀን ነው፣ እትዬ ዘይነባ ግን ሰባቱንም ቀን ይርባቸዋል። ስኩተሩ ከቆመ ምሳው ቆመ ማለት ነው።

ችግሩ ጋሼ ይማም ሰው ይገጫሉ።

መጀመሪያ ሚስ ሎሬታን ገጯት። ሳይድዎክ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ፣ ጋሼ ሰላምታ ሰጡ፣ ስኩተሩ ዘለለ፣ የሷ ዊልቼር ግማሹ ሣር ውስጥ ገባ። አልተጎዳችም። የተናገረችውን ግን የልጅ ልጄ አትጽፈውም።

በማግስቱ የአፓርትመንቱ ማናጀር ሚስተር ክሬግ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ይዞ መጣ። ጫማው ሹል ነው፣ ሁልጊዜ የሚያብለጨልጭ። ጋሼ ይማም ስኩተሩ ላይ ሆነው በር ላይ አገኙት። ሰላም ሊሉት ፈገግ አሉ፣ ስኩተሩ ዘለለ፣ ሹሉ ጫማ ላይ ወጣ።

ሚስተር ክሬግ በአንድ እግሩ እየዘለለ ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ። የልጅ ልጄ ስታነብልኝ፣ ሁለት ሳምንት ሰጥቶናል። ከዚያ እስከ ነርሲንግ ሆሙ አብሮን ይሄዳል። አንድ ሰው ከተነካ ስኩተሩ በዚያ በር አይወጣም።

ጋሼ ይማም ተቆጡ። "ሠላሳ ዓመት የአሰብን መንገድ በጭነት መኪና ተመላልሼ ዶሮ ገጭቼ አላውቅም" አሉኝ።

"ዶሮዎቹን ሰላም አላሏቸውማ" አልኳቸው። ለማብሸቅ ነው ያልኩት። ከአፌ ሲወጣ ግን እኔም ደነገጥኩ። ሁለቱንም ጊዜ የገጩት ሰላም ሲሉ ነው።

በበነጋው አብሬያቸው ወጣሁና ዓይኔን ከእጃቸው አልነቀልኩም። አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ እየሄዱ መጡ። ጋሼ ይማም "ኖር" ብለው ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ሞከሩ። ጉልበታቸው ስለማያነሳቸው መሪው ላይ ተደገፉ። ሲደገፉ አውራ ጣታቸው ምላሷን ተጫነቻት። ስኩተሩ ተወረወረ። ሽማግሌው ሣር ላይ ዘለሉ፣ በምርኩዝ ለሚሄድ ሰው ጥሩ ዝላይ ነበር።

አያችሁት? አነዳዳቸው ምንም አይወጣለትም። ሲያከብሩ ነው የሚገጩት።

እንግዲያው ቀላል ነው ብዬ "ከእንግዲህ አይነሱም" አልኳቸው።

"እሺ" አሉ።

አልቻሉም። ካፖርት ለብሼ፣ ኮፍያ አድርጌ፣ በመጥረጊያ እንጨት እየተደገፍኩ እንደ ሽማግሌ መጣሁባቸው። እኔ መሆኔን እያወቁ ተነሱ። ባቴን መቱኝ። በሦስተኛው ቀን እጃቸውን ከወንበሩ ጋ በሻርፕ ላስር ሳስብ አየኋቸው፣ ፊታቸው ጠቁሯል።

"አስካለ፣ ሰው ሲመጣ ተጎልቼ ልየው? ምን አሳዳጊ የሌለው ነኝ?" አሉ። "ከዚያስ ስኩተሩን ይውሰዱት።"

"ምሳውንስ?" አልኳቸው።

የምሳውን ዕቃ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። እኔም ሻርፑን አጣጠፍኩት። 

አንድ ሳምንት ሄደ። የቀረችን አንድ ናት። ሄጄ ለሚስ ሎሬታ ነገርኳት። በቃልም በእጅም፣ ብድግ እያልኩ፣ እየተወረወርኩ አሳየኋት። እሷ ኩርፊያዋ ገና አልለቀቃትም። አስባ አስባ ግን ወደ ጋሼ ይማም በር ተንከባለለች።

"ጠይቂያቸው" አለችኝ። "ያንን ትልቅ መኪና እየነዱ አክብረው የሚነሱለት ሰው መንገድ ላይ ቢያገኙ ምን ያደርጉ ነበር?"

ጠየቅኳቸው።

"ምን ዓይነት ጥያቄ ነው" አሉ ጋሼ ይማም። "ጥግ እይዛለሁ፣ የእጅ ፍሬን እስባለሁ፣ ሞተር አጥፍቼ ቁልፌን እነቅላለሁ፣ ከዚያ ወርጄ ሰላም..." አሉና አቆሙ። ስኩተሩን አዩት። ቁልፉ እንደተሰካ ነው፣ ያሰርኩለት ክር እየተወዛወዘ።

ሚስ ሎሬታ አማርኛ አትሰማም። ፊታቸውን አይታ ግን ሳቀች።

ከዚያ በኋላ መከልከል ተውኩ። ይነሱ፣ ቅደም ተከተሉን ብቻ ይጠብቁ። ጥግ፣ ቁልፍ፣ ኪስ፣ ከዚያ ብድግ። ቁልፉ ከተነቀለ ምላሷን ቢጫኑ፣ ቢቀመጡባት፣ ስኩተሩ ንቅንቅ አይልም። ባልተመደብኩበት ቀንም እየሄድኩ ቀን በቀን ተለማመድን። እኔ ሽማግሌ፣ ሚስ ሎሬታ መጪ፣ እሳቸው ሾፌር። በኤሊ ጀመርን። ወደ ጥንቸሏ እጃቸውን ሲሰዱ መታ አደርጋቸዋለሁ።

የፈተናው ቀን የቆሻሻ ቀን ሆነ። ሚስተር ክሬግ ሌላ ጫማ አድርጎ መጣ፣ ወፍራም። "እጅሽ እንዳይነካ" አለኝ። ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፣ ለምጄዋለሁ።

ጋሼ ይማም ሹራባቸውን ለብሰው፣ የምሳውን ዕቃ ፊት ባለው ቅርጫት አድርገው ወጡ። ቢን አለፉ። የዛፉን ሥር አለፉ። የመኪናው መግቢያ ጋ ሚስ ሎሬታ ከወዲያ እየገፋች መጣች፣ ዳገቱ ላይ። ጋሼ ጥግ ያዙ፣ ምላሷን ለቀቁ፣ አሳለፏት። ስታልፍ በአገጯ ሰላም አለቻቸው፣ ከሷ ይኸ ብዙ ነው። ሚስተር ክሬግ ወረቀቱ ላይ ጻፈ።

ግማሽ መንገድ ስንደርስ ጋሼ ይማም የሚሰግዱበት መስጊድ ትልቅ ሰው፣ ሸህ ኑርዬ፣ ከወዲያ ብቅ አሉ። ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ በግራና በቀኝ ሁለት ሰው አስከትለው፣ ሳይድዎኩን ሞልተው። ጋሼ ይማም ለእሳቸው ካልተነሱ ለማንም አይነሱም። ሸሁ ገና ከሩቅ እጃቸውን ዘርግተው ለማቀፍ ወደ ስኩተሩ ይመጣሉ። አበሻ እንደዚህ ነው፣ የሚሄድ ጎማ ላይ ሄዶ ይስማል።

የጋሼ ጀርባ ከመደገፊያው ሲላቀቅ አየሁት። ሊነሱ ነው። እጄ ከኪሴ ሊወጣ ሲል ያዝኩት።

ጋሼ ይማም መዳፋቸውን አነሱ። "ሸሃችን፣ አንድ ጊዜ። ወደ ሣሩ ጠጋ ይበሉልኝ" አሉ።

በዕድሜያቸው ሸህ አዘው አያውቁም። ሸሁም ታዘው አያውቁም መሰለኝ፣ ቀጥ አሉ። ከዚያ ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሣሩ ላይ ወጡ፣ ሁለቱ አጃቢዎችም ተከተሏቸው። ጋሼ ይማም ጥግ ያዙ። ቁልፉን ነቀሉ። ኪሳቸው ከተቱ። ኪሱን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። ከዚያ መሪው ላይ ሙሉ ክብደታቸውን ጥለው ብድግ አሉ።

ስኩተሩ እንደ ግድግዳ ቆመ።

"ኖር ሸሃችን" አሉ።

"ኧረ ይቀመጡ ጋሼ ይማም" አሉ ሸሁ፣ ከሣሩ ወርደው ትከሻቸውን ሳሟቸው። ሳሙ፣ ሳሙ፣ ስለ ጤና ጠየቁ፣ ስለ ልጆች ጠየቁ። ስኩተሩ ንቅንቅ አላለም።

ሚስተር ክሬግ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ምን እያደረገ ነው?" አለኝ።

ያን ጊዜ እንግሊዝኛዬ አድጓል። "ፈርስት ፓርክ" አልኩት። "ዜን ሪስፔክት።" መጀመሪያ ማቆም፣ ከዚያ ማክበር ማለቴ ነው።

አሰበበትና ወረቀቱን አጠፈው። "ሌሎቹም ነዋሪዎች እንዲህ ቢነዱ" አለ። "አንቺ ታስተምሪልኛለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔን። ደብተር ይዤ የማላውቀውን ሴትዮ።

ነርሲንግ ሆም ደረስን። እትዬ ዘይነባ ትራስ ተደግፈው ይጠብቃሉ። "አንተ ሰውዬ፣ ዛሬስ ማንን ገጭተህ መጣህ?" አሉ።

"ማንንም።"

"አሁን ሸህ ኑርዬ ከዚህ ወጥተው ሄደዋል። እሳቸውንም?"

"ሸሁን ሣር ላይ አቆምኳቸው" አሉ ጋሼ ይማም፣ ሹራባቸውን እያስተካከሉ።

እትዬ ዘይነባ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። ሸህ ኑርዬን በዚያ ሰዓት እትዬ ዘይነባን ይጠይቁ ብዬ የደወልኩት እኔ ነኝ። በሳይድዎኩ በኩል ይመለሱ ያልኩም እኔ ነኝ። የሚያስነሳ ሰው ያልመጣበት ፈተና ምኑ ፈተና ነው? ጋሼ ይማም እስከ ዛሬ አያውቁም ነበር። አሁን ያነቡታል፣ ቁልፋቸውን ነቅለው ይሳደቡኝ።

አሁን ክላየንት አልይዝም፣ ጉልበቴ እንደ ጋሼ ይማም ሆኗል። ግን ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያው አፓርትመንቱ መግቢያ፣ ሎቢው ውስጥ ስኩተር ለሚቀበሉ ሰዎች አሳያለሁ፣ ሚስ ሎሬታ ባት ትገጫለች። ግድግዳው ላይ ሚስተር ክሬግ ወረቀት ለጥፏል። ጽሑፉን አላነበውም። ቁልፍና እጅ ግን ተስሎበታል፣ ቁልፉ ከላይ፣ እጁ ከታች።

ሥራው ይኸው ነው። ወንበር ከመንካትሽ በፊት ጠይቂ። እግር ካለሽ ሣሩ ላይ ውጪ። ስኩተር ላይ ያለ ሰው መጀመሪያ ቁልፉን ይንቀል፣ ከዚያ የፈለገውን ያህል ይነሳ።