ሳላገኘው የመሰከርኩለት ቤት

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ። ዛሬ ልመስክር ብዬ ሽማግሌዎችን የለመንኩት እኔ ነኝ፤ ሳልናገር ብቀመጥ ልቤ አያርፍም። ታስታውሱ እንደሆነ፣ የዛሬ ዓመት በዚሁ መድረክ ቆሜ፣ ጌታ እዚሁ አሶሳ ላይ ቤት ሰጠኝ፣ ቁልፉን ተቀብያለሁ ብዬ እልል አስብያችኋለሁ። ቁልፍ አልነበረኝም። የነበረኝ የባንክ ማመልከቻ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ አስቀድሞ መመስከር እምነት ይመስለናላ! ዘማሪ ነበርኩ፣ ጌታን ግን አላውቀውም። የማውቀው፣ ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ነው።

ባንኩ ለቤት ብድር የሁለታችንንም ደመወዝ ነበር የሚያየው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ የአንድ ፕሮጀክት ሹፌር ነበር። በመሰከርኩ በሁለተኛው ሳምንት ፕሮጀክቱ ተዘጋና ሥራውን አጣ። ለማንም እንዳትናገር አልኩት። ቀደም ብሎ ያወጣውን የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ከማመልከቻው ጋር አያይዤ፣ ና እንፈርም ብዬ ወሰድኩት። ዝምተኛ ሰው ነበር። የብድር ሠራተኛው እስክሪብቶ ሲያቀብለው ግን፣ "ወንድሜ፣ ይሄ ደብዳቤ ያለፈ ነው። እኔ አሁን ሥራ የለኝም" አለው። ማመልከቻችን ተመለሰ።

እቤት ገብተን ያልኩትን እግዚአብሔር ሰምቶታልና እናንተም ስሙት። "በጉባኤ ፊት አዋረድከኝ። ወንድ ከሆንክ ቤቱን አምጣ" አልኩት። በሳምንቱ ወደ ኩርሙክ፣ ወርቅ ቁፋሮ ሄደ። የመኪና መሪ እንጂ ዶማ የማያውቅ ሰው!

በሁለተኛው ወር አብሮት የሚቆፍር አንድ የበርታ ሰው በጭነት መኪና ይዞት መጣ። አማርኛው ብዙም አይደለም። "እህቴ፣ ባልሽ በጣም ታሞ ነው። እኛ ሐኪም ቤት ሂድ አልነው፣ እሱ እምቢ። ቤት ሳይኖር አልመለስም አለ" አለኝ። ሆስፒታል ስናደርሰው ዶክተሩ ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል፣ ዘግይታችኋል አለን። እናንተም መጥታችሁ ጸለያችሁ፤ ጌታ ይባርካችሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት ዓይኑን ገለጠና፣ "ቤት ሳላመጣልሽ መጣሁ። ይቅር በይኝ" አለኝ። እሱ፣ እኔን! አለቀስኩ። አንተ ይቅር በለኝ ልለው ስል ተመልሶ ራሱን ሳተ። በማግስቱ አረፈ።

ወገኖቼ፣ ተፈወሰልኝ ብዬ ብመሰክር በወደድኩ። አልተፈወሰም። ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ሲበተን አልጋችን ሥር ተንበርክኬ፣ ጌታ ሆይ፣ ገዳይ ነኝ፣ ማረኝ አልኩ። ስንት ዓመት ስዘምርለት ያላገኘሁትን ጌታ ያን ቀን አገኘሁት። ስሙ ይባረክ! አሁን አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ሐዘኔ ገና አልወጣልኝም፤ ጌታ ግን ከዚያች ክፍል አልወጣም። ክብር ለእርሱ ይሁን!

ጎድሎባችሁም ቢሆን እመኑት፤ እንደሞላላችሁ ማስመሰልን አይፈልግባችሁም። ባልሽ ሥራ አጥቶ ከእሱ ጋር የተኳረፍሽ እህት እዚህ ካለሽ ደግሞ፣ የመዝጊያውን መዝሙር አትጠብቂ። ተነሺ፣ ሂጂ። እሱ አሁን እቤት አለልሽ።