ወደ ውስጥ የዞረው ቀለም

ሰፈሩ የአናጢውን ስም ትቶ «ቀማሹ» ይላቸዋል። እንጨት ሲመርጡ አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ጣውላውን ያሹታል፤ እንጨት ሲረጥብ ቀለሙን አይደብቅማ! ጥርጣሬ ከገባቸው ደግሞ በቀጥታ ይልሱታል። ሚስታቸው «ምሳ ላቅርብ ወይስ በልተሃል?» እያሉ ሲያላግጡባቸው ኖረዋል።

አሁን ግን ዓይናቸው ደክሟል፤ ይህን ማመን ደግሞ ለእሳቸው ሞት ነው። ሙያውን ተምራ አብራቸው የምትሠራው ልጃቸው፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛም ቢሆን፣ ነጋ ጠባ ትጨቀጭቃቸዋለች።

«አባዬ፣ ይብቃህ። አንድ ቀን ጣትህን ትቆርጣለህ።»

«የልጅሽን አልጋ ልሥራ። እሱ ላይ ከተሳሳትኩ የወርክሾፑን ቁልፍ ውሰጂ» አሏት። በዚህ ተስማሙ።

ለአልጋው የመረጡት ወፍራም ጣውላ ሲሰነጠቅ መሃሉ ቀይ ሆኖ አረንጓዴና ጥቁር መስመር ተጋድሞበት ተገኘ።

«ውይ፣ ይሄማ ሻግቷል!» አለች ልጅት።

«ሻጋታ? እስቲ በጥፍርሽ ጫኚው።»

ጫነችው፤ ጥፍሯ ንቅንቅ አላደረገውም።

«የበሰበሰ ቢሆን ሰርጎ ይገባልሽ ነበር። ይሄ ዛፉ ከአፈር የጠጣው ማዕድን ነው።»

እውነትም መላጊያው አረንጓዴው ጋ በደረሰ ቁጥር ይንጫጫል፣ ስለቱም ይዶለዱማል። እሳቸው ስለቱን እየሳሉ፣ እያፏጩ ላጉት። ሁለቱን ስንጣቂ እንደ መጽሐፍ ገልጠው፣ መስመሮቹን በጥፍራቸው እየዳሰሱ አገናኝተው በኮላ አጣበቁና የአልጋው ራስጌ አደረጉት። ጀርባው አንዳችም መስመር የለበትም። በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለሱት በኋላ ግን ሁለቱም ፊት ለጣት አንድ ሆነ፤ እሳቸውም በጣታቸው ተማምነው አልጋውን ገጠሙት።

ሕፃኗ ተወልዳ አልጋው እቤቷ ሲገባ እናቷ ዞር ዞር ብላ አየችውና ፊቷ ተለወጠ።

«አባዬ… ቀለሙ ወደ ውስጥ ዞሯል።»

ቀማሹ ክው አሉ። እጃቸው ኪሳቸው ገብቶ ቁልፉን ጨበጠ።

«ታዲያስ!» አሉ፣ ቁልፉን ሳይለቁ። «ተኝታ የምታየው እሷ! እናንተ ምን ቤት ናችሁ?»

ልጃቸው ውሸቱን አላጣችውም። ስታለቅስ የቆየችውን ሕፃን ግን አልጋው ላይ ብታስተኛት፣ አንገቷን ወደ አረንጓዴው መስመር አዙራ ጭጭ አለች። እናት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ቁልፉን አልጠየቀችም።

ልጃቸው ከአራስ ቤት ወጥታ ሥራ በተመለሰች ሰሞን ቀማሹ አንድ ጣውላ ሲያነሡ አውራ ጣታቸው ጠርዙ ላይ ትንሽ ሽርፍ አገኘ። ሌላ አነሡ፤ እሱም ላይ አለ፣ ሁሌም መታየት ባለበት መልካም ፊት በኩል። ቀሪዎቹንም አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«ማነው እንጨቴን የሚሸርፍብኝ?» ብለው ጮኹ።

«አይጥ ይሆናላ» አለች ልጃቸው ከወዲያ ጥግ፣ መሮዋን እየወለወለች።

«ጎበዝ አይጥ ናት» አሉና ሽርፉን ወደ ውጭ አዙረው ሥራቸውን ቀጠሉ።