ለሁሉም «እሺ» ያለችው ተከሳሽ

ወረታ ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት ክፍሌን ፍርድ ቤት ላደርገው ተነሣሁ። የማስተምረው የዜግነት ትምህርት ነው። ስለ ፍርድ ሂደት የሚያወራውን ምዕራፍ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ብቻ ማለፍ አላስቻለኝም።

ጉዳዩን ያገኘሁት ከሬዲዮ ነው። በሩቅ አገር አንድ ሰው በተለያየ ጊዜ ሴቶችን እያታለለ ገደለ። ሲያዝ የሟቾቹ ጌጥ ከቤቱ ተገኘ፤ ፖሊስ ሲጠይቀውም ሁሉንም አመነ። ጠበቃው ግን የሰውየው አእምሮ እንደ ልጅ ነው፣ የሚመልሰው ጥያቄው ሳይገባው ነው ብሎ ተከራከረ። ሐኪሞቹም እርስ በርሳቸው አልተስማሙ። የልጅነት የትምህርት ቤት ወረቀቱ ሳይቀር ተፈልጎ ተገኘ፤ አንድ መምህር ታዛዥ እንደሆነና ችግር እንደሌለበት ጽፎበታል። ይህን ሁሉ በየተራ አስረዳሁና መጨረሻውን ብቻ ደበቅሁ።

ዳኛ፣ ዓቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ፣ ተከሳሽ ብዬ በብጣሽ ወረቀት ጻፍሁ፤ አጣጥፌ በኮፍያዬ አዞርሁ። የተከሳሹ ዕጣ ከኋላ ለምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ወጣላት።

ስለዚች ልጅ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤታችን ትምህርት ለሚከብዳቸው ልጆች የድጋፍ ክፍል ሊከፍት ነበር። ስም ዝርዝሩን ዓርብ አስገባለሁ፤ ያልተመዘገበ እስከሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃል። እሷ ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ከፊቷ አለ። እኔ ግን «ገባሽ?» ባልኋት ቁጥር «እሺ ቲቸር» ስለምትለኝ፣ በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ «ይገባታል፤ አትጥርም» ብዬ ጽፌ ከዝርዝሩ አስቀርቻታለሁ።

ችሎቱ ተጀመረ። ዳኛዋ ጥቁር ካፖርቴን ለብሳለች፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደርሷል። ዓቃቤ ሕጉ አባቱ ይፋግ ገበያ በሬ የሚነግዱ ነው፤ ክርክር እዚያ ተምሯል።

«ተከሳሽ፣ ተነሥ» አለ።

«እሷ ሴት ናት እኮ» አለ አንዱ።

«በዕጣ ወንድ ሆናለች» ብላ ዳኛዋ ወሰነች።

«ሴቶቹን ገድለሃል?»

«እሺ» አለች ተከሳሿ።

«አመነ፣ ክብርት ዳኛ። ጨርሻለሁ።»

ጠበቃዋ ተነሣች። የተከሳሿ የዴስክ ጓደኛ ናት።

«የት ጨረስህ? ክብርት ዳኛ፣ ይቺ ልጅ ለሁሉም እሺ ነው የምትል። ላሳያችሁ። ተከሳሽ፣ የዋንዛዬ ፍል ውኃ በረዶ ነው፣ አይደል?»

«እሺ።»

«ዓቃቤ ሕጉ ቆንጆ ነው?»

«እሺ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ ተከሳሿም አብራ ሳቀች። «ይሄኛው እንኳ እውነት ነው፤ ይመዝገብልኝ» አለ ዓቃቤ ሕጉ። ቀጥሎም «እንግዲያ ምንም አታውቅማ» አለ።

«ታውቃለች። አረሙ ሙጃና የሩዝ ቡቃያ በምን ይለያል?» ብላ ጠበቃዋ ወደ ጓደኛዋ ዞረች።

«ሙጃው ከሥሩ ቀላ ይላል። ሩዙ ቅጠሉን ሲዳስሱት ይሻክራል። ጠዋት ጤዛ ሳለ ነው ደህና የሚለይ» አለች ተከሳሿ። ያን ያህል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።

እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ቅጹ ላይ የጻፍሁት ትዝ አለኝ። በእኛ አገር ልጅ ለታላቁ «እሺ» ሲል ሰማሁዎት ማለቱ እንጂ ገባኝ ማለቱ አይደለም። እኔ ራሴ አንበሳሜ ሳድግ አባቴን ስንት ጊዜ ሳይገባኝ እሺ ብያቸዋለሁ። መምህር ስሆን ረሳሁት።

ዳኛዋ ካፖርቱን ሰብስባ ፈረደች። «ጌጡ ቤቱ ተገኝቷል፤ ጥፋተኛ ነው። የሟቾቹም ቤተሰብ ፍርድ ማግኘት አለበት። ዕድሜ ልኩን ይታሰር። ግን አይገደል፤ ገብቶት እንደሆነ አላወቅንም።»

ያኔ መጨረሻውን ነገርኋቸው። ሰውየው በሞት ተቀጥቷል። ተከሳሿ እጇን አወጣች፤ በዚያ ዓመት የመጀመሪያዋ ነው።

«ፍርዱን ሲነግሩት ምን አለ?»

አላውቅም አልኋት። ዓቃቤ ሕጉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሺ ብሎ ይሆናላ» አለ።

ሌሎቹ ሲወጡ እሷንና ጓደኛዋን አስቀረሁ። ቅጹን አወጣሁና «የድጋፍ ክፍል ብትገቢ ይሻላል፣ አይደል?» አልሁ።

«እሺ ቲቸር።»

ጓደኛዋ አንገቷን ነቀነቀች። «እንደሱ አይደለም እሷ የምትጠየቅ፣ ቲቸር። አስመርጧት።»

«እሺ» አልሁ እኔም። «እዚያ መማር ነው ወይስ እዚህ መቆየት የምትፈልጊ?»

ብዙ አሰበች። እኔም ዝም ብዬ ጠበቅሁ፤ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ከባድ ሥራ ነው።

«ሒሳብና እንግሊዝኛ እዚያ። ሌላውን እዚህ፣ ከሷ ጋር።»

«ይገባታል፤ አትጥርም» የሚለውን ሰርዤ ያለችውን እንዳለ ጻፍሁት። ዓርብ አስገባሁ፤ ተቀበሉኝ።

ሰኞ ስለ ይግባኝ አስተማርሁ። ሥዕል ሣልሁ፤ ቀስት በቀስት አገናኘሁ፤ በጣም ያማረ መሰለኝ። ከልማድ የተነሣ «ገባችሁ?» አልሁ።

«እሺ ቲቸር» አለ ክፍሉ ባንድ ድምፅ።

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ።

«እኔ አልገባኝም» አለች። ከዚያ ግራና ቀኝ ቃኘች። «እነሱም አልገባቸው።»