የአክስቴ እርጥብ በርጩማ

ልጅ ሳለሁ የሚያስጠላኝ ነገር ስፍር ቁጥር አልነበረውም። የወተት ስልባቦት፣ ፀጉር የተጠመጠመበት ማበጠሪያ፣ ሌላ ሰው ጠጥቶበት ያቀበለኝ ብርጭቆ፤ ከሁሉም በላይ ግን ከየት እንደመጣ ያልታወቀ እርጥበት። እናቴ «ይቺ ልጅ ተጠያፊ ናት፤ ስታድግ ይተዋት ይሆናል» እያለች ለጎረቤት ትናገር ነበር። አልተወኝም። ይኸው ዛሬም ታክሲ ውስጥ ሌላ ሰው ያሞቀው ወንበር ጫፉ ላይ ብቻ ነው የምቀመጠው።

እንዲህ ለሆነች ልጅ የደረሷት ተረት ነጋሪ ደግሞ እማማ ብዙነሽ ነበሩ። ኮተቤ፣ ከዳገቱ ሥር በምንኖርበት ግቢ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ጤና ጣቢያ የማዋለጃ ክፍል ወለል ሲወለውሉ ኖረዋል። የሌላ ሰፈር ልጆች ስለ ጦጣና ስለ አንበሳ ሲሰሙ፣ እኛ የምንሰማው ከእማማ ብዙነሽ መወልወያ ሥር ስላለፈው ነገር ነበር።

ያኔ መብራት የማይሄድበት ምሽት ጥቂት ነበር። ገና ጨለምለም ብሎ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅተን፣ የግቢው ልጆች እሳቸው በር ላይ እንሰበሰባለን። ማንደጃው ውስጥ ከሰሉ ቀልቶ፣ ላዩ ላይ የጣሉበት የባሕር ዛፍ ቅጠል እየተንጣጣ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ኩራዟም ከእንጦጦ በሚወርደው ነፋስ እየተርገበገበች ሳለ፣ እሳቸው ድንገት «እግራችሁን አንሡ! ወለሉ እርጥብ ነው!» ብለው ይጮኻሉ። የተረታቸው መክፈቻ ይኼ ነበር። ልጆቹ እየተንከተከቱ ሁለት እግራቸውን ያነሣሉ። እኔም አነሣለሁ፣ ግን አልስቅም፤ የምሬን ነበር።

አንድ ምሽት የነገሩን ስለ አንዲት የደረሰች ነፍሰ ጡር ነው። በተረቱ ውስጥ የባላባት ሚስት ናት፤ ወለሏ ምንጣፍ፣ ቀሚሷ ሐር። አንድ ቀን ከወንበሯ ስትነሣ ትረጥባለች። ሽንቴ አመለጠኝ ብላ ታፍርና ቀሚስ ትቀይራለች። ደግሞ ትረጥባለች። ደንገጡሮቿን ታስወጣለች፣ ሽቶ ትረጫለች፣ በር ትዘጋለች። እንዲህ ስትደብቅ ሰንብታ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ጣላት፤ ያን ልጅ ሳታቅፈው ቀረች።

«ሞኝ!» አሉ እማማ ብዙነሽ፣ ሴትዮዋን ዛሬ ያገኟት ይመስል ተናደው። «ሽንት ያዝ ሲያደርጉት ይያዛል፤ ሽታውም ራሱን ያጋልጣል። የሽርት ውሃ፣ ያ ልጁ ሆድ ውስጥ የሚንሳፈፍበት፣ ግን አይያዝም። አንዳንዴ ዷ ብሎ ይወርዳል፣ አንዳንዴ ደግሞ ጠብ ጠብ እያለ ይውላል። ስትነሣ፣ ስትስቅ ይመጣል። ሽታው ከሽንት አይገናኝም፤ እንዲያውም ጣፈጥ ይላል።»

«ጣፈጥ» ሲሉ እራቴ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ።

«ነጭ ደረቅ ጨርቅ ታድርግና ትንሽ ቆይታ ትየው» ቀጠሉ። «ነጣ ያለ ወይም ገለባ የመሰለ ከሆነ፣ ምጥ ባይመጣም ሐኪም ጋ ትሂድ። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ ደም ካለበት፣ ከከረፋ ደግሞ ጫማዋንም አትፈልግ፤ ትሩጥ!»

አንዱ ልጅ አረንጓዴ የሚሆነው ለምን እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ልጁ እዚያው ሆድ ውስጥ ካካውን ለቆ ነዋ።»

አፌን በነጠላዬ ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ። እኚህ ሴትዮ ጋ ሁለተኛ አልደርስም ብዬ ማልኩ፤ ግን በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የእናቴ ታናሽ እህት አልማዝ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እኛ ቤት ገባች። ቀኗ ሲቃረብ እናቴ በማለዳ እንጦጦ ወጥታ እንድትጠመቅ ወሰደቻት፤ እኔም ጄሪካን ይዤ ተከተልኩ። ሦስታችንም ተጠመቅን። ጸበል የነካው ገላ በፎጣ አይጠረግም፣ ልብሱም ቶሎ አይቀየርም፤ ገላ ላይ እንዳለ ይደርቃል እንጂ። በግቢያችን ይህን የማያውቅ ሕፃን አልነበረም።

ቁልቁል ስንወርድ ፀሐዩና ነፋሱ የእናቴንና የእኔን ቀሚስ አደረቀው። የአክስቴ ከወገቧ በታች እንደረጠበ ቀረ። ቤት ደርሰን ምሳ ተበላ፣ ቀሚሷ አሁንም እርጥብ ነው። ጎረቤቶች መጥተው «ጸበሉ ወዶሻል፣ አልለቅሽም አለ» አሏት። አክስቴ መሬት መሬቱን እያየች ፈገግ አለች። ጭኖቿን ገጥማ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ዋለች።

አንዴ ውሃ ልትጠጣ ተነሣች። እናቴ በርጩማውን ሳታየው ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ነይ እዚህ ቁጭ በይና ሽንኩርት ላጪልኝ» አለችኝ። አየሁት። ነጭ የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ መቀመጫው ላይ ቅጠል የተጨመቀበት የሚመስል አረንጓዴ እርጥበት ተኝቷል። አልቀመጥም አልኩ።

«ጸበል ነው የምትጠየፊው? አንቺ ባለጌ!» ብላ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። የእማማ ብዙነሽ ተረት አንድ ቃል ሳይጎድል ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ አክስቴ ሆድ ውስጥ ያለው ልጅ ምን ላይ እንዳለ ከዚያ ቤት ሰው ሁሉ የጠረጠርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ግን «ካካ» የሚለውን ቃል አፌ ውስጥ ማስገባት አስጠላኝ። ሽንኩርቱን ቆሜ ላጥኩ። ከምሳ እስከ ማምሻ አፌን ዘግቼ ዋልኩ።

ሲመሻሽ እማማ ብዙነሽ በር ላይ ተሰበሰብን። ከሰሉን አራገቡና «እግራችሁን አንሡ! ወለሉ እርጥብ ነው!» አሉ።

«እርጥብስ የእኛ ቤት ነው!» ብዬ ፈነዳሁ። «አክስቴ በርጩማውን አረንጓዴ አድርጋዋለች! ያስጠላል!»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሳቸው አልሳቁም። ኩራዟን አንሥተው ማራገቢያውን እዚያው ጥለው ቤታችን ገቡ፤ በርጩማውን ብድግ አድርገው አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱት። ያንን ማየት እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል።

«ይኼ ጸበል አይደለም» አሉ።

«እንዴ እትዬ ብዙነሽ፣ ዛሬ ጠዋት እኮ ነው የተጠመቀችው» አለች እናቴ።

«አንቺስ አልተጠመቅሽም? ቀሚስሽ ደርቋል አይደል እንዴ!»

አክስቴ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ሽንቴ መስሎኝ ነው እትዬ። መንገድ ላይ ነው የጀመረኝ። ጸበል ነው ሲሉኝ… ተገላገልኩ ብዬ ዝም አልኩ።»

የጎረቤት መኪና ተለምኖ፣ ጫማዋን ሳታደርግ፣ በእናቴ ነጠላ ተጠቅልላ ወደ ሆስፒታል ተወሰደች። እኔ ከእማማ ብዙነሽ ጋር ቀረሁ። በረኪናና መፋቂያ ሰጥተውኝ በርጩማውን እጠቢ አሉኝ። ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ። ከላዬ ቆመው «አንቺ ባትጠየፊ ማን ያየው ነበር? እጠቢ አሁን» አሉ።

ልጅቷ በኦፕራሲዮን ወጣች፤ ስትወለድ አላለቀሰችም አሉ። ለቀናት በኦክስጅን ቆይታ ቤት ስትገባ ጸጋ ተባለች። እናቴ ያንን በርጩማ አስጥላው ስለሱ ዳግም አላነሣችም፤ እኔን ግን ተጠያፊ ማለት ተወች። እኔ በበኩሌ በሚያስጠሉኝ ነገሮች ሁሉ ላይ አንድ ጨመርኩ፤ ሽንኩርት እየላጥኩ ዝም ያልኩበትን ከሰዓት። በረኪና አያስለቅቀውም።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ያቺው ጸጋ ወሰን ሰፈር ካለው መሥሪያ ቤቷ ደወለችልኝ። እርግዝናዋ ዘጠነኛ ወሩ ገብቶ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስሚማ፣ የሆነ ዊርድ ነገር አለ፣ ግራ ገባኝ። ሽንቴን መቆጣጠር አቃተኝ መሰለኝ። ሶ ኢምባራሲንግ፣ አፈርኩ» አለችኝ።

«ሽታው እንዴት ነው?»

«ምን?»

«ሽታው! ቀለሙስ?»

«ኧረ ያስጠላል! እንዴት እንደዚህ ትጠይቂኛለሽ?»

«ያስጠላል» አልኩ። «አሁን ሽንት ቤት ግቢ፣ ደረቅ ነገር አድርጊና አይተሽ ንገሪኝ።»

ገለባ የመሰለ ነበር። የሥራ ባልደረባዋ በመኪናው ሆስፒታል አደረሳት፤ እኔ የክትትል ካርዷ ያለበትን ቦርሳ ላመጣላት ወሰን ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ አራት ሰዎች ከወንበሯ ርቀው ተቀምጠዋል፤ ወለሉ ላይ ጋዜጣ ጣል ተደርጎበታል፣ ሁሉም ስልክ ስልኩን ያያል። አንዷ ሴት ዓይኗን ሳታነሣ «ውሃ ነው፣ ከኮዳዋ ፈሶባት ነው» አለችኝ።

ጋዜጣውን በሁለት ጣቴ አነሣሁት። በሩ ሥር የቆመውን መወልወያ ወሰድኩ። ፊቴን ወደ ጎን አዞርኩና ትንፋሼን ያዝኩ።

«እግራችሁን አንሡ» አልኳቸው፤ «ወለሉ እርጥብ ነው።»